የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የእኔን ምግብ ቤትስ ማን አዳነልኝ?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጋሼ። ጤና ይስጥልኝ፣ አምድዎን ሁሌ አነባለሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ነበረችኝ። በ2009 ዘጋኋት። ባንኩ ብድሩን አላራዝምም አለኝ፤ አከራዩም ቀን አልሰጠኝም። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ ሚሺጋን ውስጥ መኪና ፋብሪካ ይሠራል። ባለፈው ክርስትና ላይ ተገናኝተን ያ ዘመን ተነሣ። እሱ «መንግሥት ባይደርስልን ስንት ቤት ይፈርስ ነበር!» ይላል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ደሜ ፈላ። መኪናቸው አልሸጥ ያለው በራሳቸው ጥፋት ነው። አለቆቹ በግል አውሮፕላን ሄደው ገንዘብ ሲለምኑ በቴሌቪዥን አይቻለሁ። የእኔ ግብር ለእነሱ ሲሄድ፣ እኔን ማን ዞር ብሎ አየኝ? መንግሥት የወደቀ ፋብሪካ ማንሣት አለበት ወይስ የለበትም? ማንኛችን ነን ልክ?
(ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ እኅቴ፣ ገለልተኛ ዳኛ አለመሆኔን አስቀድመው ይወቁልኝ። ዛሬ የምኖረው የሰው ታክስ እየሠራሁ ነው። በ2008 ግን ሚሺጋን ውስጥ የመኪና ወንበር የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ የወንበር ልብስ እሰፋ ነበር። ስሙን አልጠራውም። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች አንዱ አይደለም፤ ለእነሱ የሚያቀርብ ነው። ዩኒየን (የሠራተኛ ማኅበር) የሚባል ነገርም አልነበረንም። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆቹ ነው።)

የአውሮፕላኑ ነገር እውነት ነው። ኖቬምበር 2008 የጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ)፣ የፎርድና የክራይስለር አለቆች እያንዳንዳቸው በየኩባንያቸው ጄት ዋሽንግተን ገብተው 25 ቢሊዮን ዶላር ጠየቁ። ተሰደቡ። በዲሴምበር ሲመለሱ ከዲትሮይት ድረስ በመኪና ነበር የመጡት፣ ያውም በሃይብሪድ! እኛ ፋብሪካ ምሳ ክፍል ውስጥ ሰው በሳቅ ሞተ። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም።

ጥፋት አለባቸው የሚሉትም ልክ ነው። ትርፋቸው ሁሉ ከትልልቅ ፒክአፕና ከኤስዩቪ ነበር። በ2008 ሰመር ቤንዚን ጋሎኑ ከ4 ዶላር ሲያልፍ እነዚያን መኪኖች የሚገዛ ጠፋ። ከዚያ የባንኩ ቀውስ መጣ። በ2007 አሜሪካ ውስጥ 16 ሚሊዮን ያህል መኪና ተሽጦ ነበር። በ2009 ወደ 10.4 ሚሊዮን ወረደ። በዚያ ላይ አብዛኛው ሰው መኪና የሚገዛው በብድር ነው፤ ብድር ደግሞ አልነበረም።

«ታዲያ እንደ ማንም ነጋዴ አይከስሩም?» ይሉኝ ይሆናል። ከስረዋል እኮ! ክራይስለር ኤፕሪል 30፣ ጂኤም ደግሞ ጁን 1 ቀን 2009 ፍርድ ቤት ሄደው ኪሳራ አውጀዋል። ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። ነገር ግን አንድ ኩባንያ በኪሳራ ሕግ ተጠልሎ ሥራውን እንዲቀጥል ለደመወዝ፣ ለብረት፣ ለመብራት የሚሆን ገንዘብ ይፈልጋል። በደኅናው ጊዜ ይህንን ገንዘብ ባንክ ያበድራል። ሌማን ብራዘርስ የሚባለው ትልቅ ባንክ ሴፕቴምበር 2008 ከወደቀ በኋላ ግን ባንኮቹ ለራሳቸውም አበዳሪ አጥተው ነበር። ስለዚህ የቀረው ምርጫ ሁለት ነው። ወይ መንግሥት ያበድራል፣ ወይ ማሽኑ በጨረታ ይሸጣል።

አሁን የሚያናድድዎትን ነገር ልናገር ነው። የእርስዎ ምግብ ቤት ሲዘጋ ደንበኛው ማዶ ካለው ቤት ገብቶ ይበላል። የጎዳው እርስዎን፣ ሠራተኞችዎንና አከራዩን ነው። መኪና ፋብሪካ ሲዘጋ ግን ከኋላው ያለው ሁሉ አብሮ ይቆማል። እኛ ወንበር የምንሠራው በተራ ነበር። መገጣጠሚያው ቀጥሎ የሚመጣው መኪና ግራጫ ጨርቅ ይሁን ጥቁር ቆዳ በኮምፒውተር ይልክልናል። ወንበሩ ተሠርቶ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ፣ በሰዓታት ውስጥ መስመሩ ላይ ይደርሳል። መጋዘን ውስጥ የሚቀመጥ ነገር የለም። መገጣጠሚያው ሲቆም እኛም በዚያው ሺፍት እንቆማለን። ክራይስለር ኪሳራ ባወጀ ጊዜ ፋብሪካዎቹን አቆመ። ጂኤምም በዚያ ሰመር ብዙዎቹን ለሳምንታት ዘጋ። እኛ ሁላችን ሌይኦፍ ሆንን። የኩባንያዎቹ ስም ዜና ላይ ነበር፤ የእኛ አልነበረም።

ያው የወንበር፣ የጎማ፣ የሽቦ አቅራቢ ደግሞ ለፎርድም ለቶዮታም ለሆንዳም ይሠራል። ጂኤም ድንገት ቢጠፋ አቅራቢው ያልተከፈለው ሒሳብ ታቅፎ ይወድቃል፤ ጤነኛው ፋብሪካም ዕቃ ያጣል። ስለዚህ ማዳኑ ላይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከባለቤትዎ ወንድም ጋር ነኝ።

ሒሳቡ ላይ ግን ወደ እርስዎ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ያበደረው ኦባማ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም፣ ቡሽ ናቸው። ዲሴምበር 19 ቀን 2008 ለባንኮች ከተመደበው ገንዘብ ላይ 17.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፈቀዱ። ኦባማ ቀጠሉበት፤ የጂኤሙን አለቃ ሪክ ዋጎነርን ከወንበሩ አስነሥተው፣ ሁለቱንም ኩባንያዎች በኪሳራ ፍርድ ቤት አሳለፏቸው። ለመኪና መግዣ ለሚያበድረው ድርጅት የተሰጠውን ጨምሮ ጠቅላላው ወደ 80 ቢሊዮን ዶላር ደረሰ። መንግሥት የመጨረሻውን የጂኤም አክሲዮን የሸጠው ዲሴምበር 2013 ነው። ሁሉም ተደምሮ ሳይመለስ የቀረው 9 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው።

እዚህ ላይ የታክስ ሰው ነኝና ዝም አልልም። ኩባንያ በኪሳራ ውስጥ አልፎ ባለቤቱ ሲለወጥ፣ የድሮ ኪሳራውን ተሸክሞ ከአዲሱ ትርፍ ላይ እየቀነሰ ግብር እንዳይከፍል ሕጉ ይገድበዋል። ለጂኤም ግን ገንዘብ ሚኒስቴሩ ገደቡን አነሣለት። ይህ ከ9 ቢሊዮኑ ውስጥ አይቆጠርም። «ይህን ያህል ነው የከሰርነው» ተብሎ ሲነገርዎት ይህንንም ያስቡበት።

ሠራተኛውስ ምን ከፈለ፣ ምን አገኘ? የክርስትናው ክርክር ላይ የቀረ የመሰለኝ ይህ ነው።

በ2008 መጨረሻ «የመኪና ሠራተኛ በሰዓት 70 ዶላር ይከፈለዋል» የሚል ወሬ በየቤቱ ነበር። ከእኛው ሰዎችም ስንቱ ደጋግሞ ነግሮኛል። 70ው ውሸት ነበር ማለት አይደለም፤ ግን ደመወዝ አይደለም። ደመወዙ፣ ጥቅማ ጥቅሙና ኩባንያው ለጡረተኞች ጡረታና ሕክምና የሚያወጣው ሁሉ ተደምሮ፣ ዛሬ በሚሠሩት ሰዎች ሰዓት ተካፍሎ የወጣ ቁጥር ነው። ቋሚው ሠራተኛ እጁ ላይ የሚገባው በሰዓት 28 ዶላር ገደማ ነበር።

ያ ቁጥር ግን ሥራውን ሠራ። ለማዳኑ የወጣው ሕግ የተወካዮች ምክር ቤቱን 237 ለ 170 አለፈ። ሴኔት ውስጥ ግን ዲሴምበር 11 ላይ ወደቀ። 60 ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ የተገኘው 52 ነው። የተጣሉበት ነጥብ ደመወዝ ነበር። የቴነሲው ሴናተር ቦብ ኮርከር የሚመሯቸው ሪፐብሊካኖች፣ የዩኒየኑ ደመወዝ በ2009 ውስጥ በአሜሪካ ደቡብ ካሉት የጃፓን ፋብሪካዎች ጋር እኩል ይሁን አሉ። ዩኒየኑ፣ ማለትም ዩናይትድ አውቶ ወርከርስ፣ ውላችን 2011 ላይ እስኪያልቅ ይጠበቅ አለ። ባንኮቹ ገንዘቡን ሲወስዱ የባንክ ገንዘብ ተቀባይ ደመወዝ ስንት ነው ብሎ የጠየቀ ሴናተር አላየሁም። ይህ አሁንም ያናድደኛል።

በመጨረሻ ሠራተኛው ሰጠ። የኑሮ ውድነት ጭማሪው ቆመ። ሌይኦፍ የሆነ ሰው ደመወዙ የማይቋረጥበት «ጆብስ ባንክ» የሚባለው ፈረሰ። የጡረተኞች የጥርስና የዓይን ሽፋን ተነሣ። በጂኤምና በክራይስለር እስከ 2015 ሥራ ማቆም ተከለከለ። ለጡረተኞች ሕክምና የተቋቋመው አደራ ፈንድ ደግሞ ሊከፈለው ከሚገባው ጥሬ ገንዘብ ብዙውን በአክሲዮን ተቀበለ። እንዲህ ሆኖ ነው ፈንዱ የክራይስለር 55 በመቶ፣ የጂኤም 17.5 በመቶ ባለቤት የሆነው። «ሠራተኛው ፋብሪካውን ወረሰ» ብለው የጮኹ ነበሩ። ምን ወረሰ? የክራይስለር ቦርድ 9 ወንበር ሲኖረው ፈንዱ የሚመርጠው 1 ብቻ ነበር። የኩባንያው ዕዳ የነበረው የሽማግሌዎች መድኃኒት መግዣ፣ ዋጋው በማይታወቅ ወረቀት ተተካ። ወረቀቱ ኋላ ዋጋ ማውጣቱ ዕድል ነው። የጣሊያኑ መኪና ሠሪ ፊያት የቀረውን የክራይስለር ድርሻ በ2014 መጀመሪያ ሲጠቀልል ለፈንዱ ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ደረሰው።

እኔ የማየው እንዲህ ነው። የድርድሩ ጠረጴዛ ላይ ወንበር የነበረው ሰው ሁሉ ጎዶሎም ቢሆን የሆነ ነገር ይዞ ወጣ። ወንበር ያልነበረው ደግሞ ከፈለ። ደልፋይን ይዩ፤ በፊት የጂኤም የመለዋወጫ ክፍል የነበረ ነው። ሲከስር የዩኒየኑ አባላት ጡረታ የጎደለውን ጂኤም ሞላላቸው። እዚያው ሕንፃ ውስጥ የሠሩ፣ ዩኒየን ያልነበራቸው ከ20,000 በላይ የቢሮና የምህንድስና ጡረተኞች ግን እንዲያ የሚሞላላቸው አላገኙም። ጡረታቸውን የመንግሥት ዋስትና ድርጅት ወሰደው፤ ብዙዎቹ ከፊሉ ተቆረጠባቸው።

እኛም ወንበር አልነበረንም፣ ወንበር እየሠራን። ለአቅራቢዎች ተብሎ እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር ተመድቦ ነበር። ገንዘቡ የሚያልፈው ግን በመኪና ኩባንያዎቹ በኩል ነው፤ የትኛው አቅራቢ ይግባ የሚሉትም እነሱ ናቸው። የእኛ ፋብሪካ ከገቡት አልሆነም። ሥራው ሲመለስ ግማሹ ሰው ብቻ ተጠራ፣ በሰዓት በ3 ዶላር ቀንሶ። እኔ አልተጠራሁም። የታክስ ኮርስ የወሰድኩት ያኔ ነው።

ስለዚህ ነገ ሌላ ፋብሪካ ቢወድቅ «ይዳን ወይ?» ብለው ቢጠይቁኝ፣ ከጀርባው የተሰለፈው ሰው ብዙ ከሆነና የሚያበድር ባንክ ከጠፋ፣ አዎ እላለሁ። ግን ፊርማው ከመፈረሙ በፊት አንድ መስመር ይጻፍልኝ። ሠራተኛው ዛሬ የሚተወው፣ ኩባንያው ባተረፈ ማግስት በስንት ዓመት ይመለስለታል? በ2009 ይህ መስመር አልተጻፈም። ጂኤም በ2011 ብቻ 7.6 ቢሊዮን ዶላር አተረፈ። የኑሮ ውድነት ጭማሪው የተመለሰው በ2023 ነው።

የእርስዎን ነገር አልረሳሁም። በ2009 ለትናንሽ ነጋዴዎችም የተመደበ ነበር፤ እስከ 35,000 ዶላር ወለድ የሌለው ብድር፣ ሙሉ የመንግሥት ዋስትና ያለው። ግን የሚሰጠው ባንኩ ነው። ባንኮቹ ደግሞ ወረቀቱ በዝቶ ትርፉ አነሰብን ብለው ብዙም አልቀረቡትም። ያላራዘመልዎ ባንክ ስለዚህ ብድር አንድ ቃል ነግሮዎት ያውቃል? እኔ ከሱ ጋር ነበር የምጣላው፣ ከባለቤትዎ ወንድም ጋር አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። 24 ዓመቴ ነው፣ በዲቪ በ2021 ነው የመጣሁት። ሚሺጋን መኪና መገጣጠሚያ እሠራለሁ። ቴምፕ (ጊዜያዊ) ነበርኩ፣ አሁን ቋሚ ሆኛለሁ። አጠገቤ ያለ ሽማግሌ «ይህን ፋብሪካ ያዳንነው እኛ ነን» ይለኛል። እሱ ጡረታ አለው፣ እኔ የለኝም። የምንገጥመው አንድ በር ነው። ዩኒየኑ ለምን ተስማማ?
(ከዲትሮይት አካባቢ)

መልስ፦ የኔ ወንድም፣ ሽማግሌው አልዋሸህም። የተዉትን ከላይ ጽፌዋለሁ፣ አንብበው። ነገር ግን ከከፈሉት ውስጥ አንዱን የከፈሉት በአንተ ስም ነው።

ነገሩ ከማዳኑም ይቀድማል። በ2007ቱ ውል አዲስ የሚቀጠር ሰው በሰዓት 14 ዶላር አካባቢ እንዲጀምር፣ የድሮው ዓይነት ጡረታና የጡረታ ሕክምና እንዳይኖረው ተስማሙ። ነባሩ 28 ላይ ይቀራል። በ2009 መንግሥት ወጪ ይቀነስ ሲል ይህ ደረጃ ተስፋፋ። ለምን ተስማሙ አልከኝ? ውል የሚጸድቀው በአባላት ድምፅ ነው። ያኔ አንተ ምናልባት የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነበርክ። ገና ያልተቀጠረ ሰው ድምፅ የለውም። የራስን ደመወዝ ከመቀነስ የማይታወቅን ሰው ደመወዝ መቀነስ ይቀላል። ክፋት ነው አልልም፤ ቤታቸው ሊወሰድባቸው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ግን ሥራ ቦታ ላይ ዓመታት የፈጀ ቂም ትቶ አለፈ።

በ2023 ሾን ፌይን የሚመሩት ዩኒየን ሴፕቴምበር 15 ላይ በሦስቱም ኩባንያዎች ላይ በአንድ ጊዜ የሥራ ማቆም አድማ መታ። መጀመሪያ ከእያንዳንዱ አንድ ፋብሪካ ብቻ አስቆሙ፤ ከዚያ እየጨመሩ ሄዱ። ባይደን ራሳቸው ሚሺጋን መጥተው ከሰልፈኞቹ ጋር ቆሙ። ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ውጤቱን ቼክህ ላይ እያየኸው ነው፦ እስከ 2028 የሚደርስ የ25 በመቶ ጭማሪ፣ የኑሮ ውድነት ጭማሪው መመለስ፣ ከፍተኛው ደመወዝ ላይ ለመድረስ 8 ዓመት የነበረው 3 ዓመት መሆኑ። አንተም ቋሚ የሆንከው በዚህ ውል ይመስለኛል፤ ቴምፖችን ወደ ቋሚ ያሸጋገረ ነውና።

ጡረታው ግን አልተመለሰም። በምትኩ ኩባንያው የደመወዝህን 10 በመቶ በ401ኬ (የጡረታ ቁጠባ ሒሳብ) ያስገባልሃል። ይህንን አትናቀው። ዛሬውኑ ግባና ገንዘቡ ምን ላይ እንደተቀመጠ እይ፤ ወራሽ የሚለውን ቦታም ሙላ። ቢሮዬ የሚመጡ ልጆች አብዛኞቹ ባዶ ትተውታል፤ አንዳንዱ ደግሞ የተለያት ፍቅረኛው ስም እስካሁን እዚያው አለ።

የሚቀጥለው ውል ድምፅ ሲሰጥበት ደግሞ ሺፍት አለብኝ ብለህ እንዳትቀር። ውሉን ሲያነቡ «አዲስ ተቀጣሪ» የሚለው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ጆሮህን ጣል።

ጥያቄ፦ ፎርድ አንድ ሳንቲም አልወሰደም ይባላል። እውነት ነው? መኪና ልገዛ ስለሆነ ነው።
(ከዳላስ)

መልስ፦ ከዚያ ከማዳኛው ገንዘብ አልወሰደም፣ እውነት ነው። ብልጠቱ ቀድሞ መበደሩ ነው። በ2006 አለን ሙላሊ አለቃ ሆነው ሲመጡ ፎርድ ፋብሪካዎቹን፣ ሰማያዊውን አርማውን ሳይቀር አስይዞ ከ23 ቢሊዮን ዶላር በላይ ተበደረ። ያኔ ብዙ ሰው ጨነቃቸው ብሎ ነበር። ቀውሱ ሲመጣ ግን ጥሬ ገንዘብ በእጁ ያለው እሱ ብቻ ሆነ። ሙላሊ ግን ኮንግረስ ፊት ቀርበው ለተቀናቃኞቻቸው ተከራከሩ፤ አቅራቢዎቹ አብረው ቢወድቁ ፎርድም እንደማይተርፍ ያውቃሉ። በ2009 ደግሞ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ለማምረት ከኢነርጂ ሚኒስቴር 5.9 ቢሊዮን ዶላር ብድር ፎርድም አግኝቷል። እሱ ሌላ ፕሮግራም ነው፣ ግን የመንግሥት ገንዘብ ነው።

ለመግዣው ይህንን ሁሉ ይተዉትና የሚያምኑት መካኒክ ጋር ይዘውት ይሂዱ። ትራንስሚሽኑን በደንብ ያስፈትሹ።